ስክሪኑ ፍሬዋን አላሳይም ያለ ጊዜ

ጆሯችሁን አውሱኝ፤ ከነወለዱ እመልሳለሁ።

ትርሲት በኤክስሬይ የሚያይ ማይክሮስኮፕ ሠራች። አክስቷ እታታ ወለላ፣ ከትርሲት ሟች አባት ስልቻ ስፌት ውስጥ የተገኘች አንዲት ጥቁር ጤፍ ይዘው መጡ። ከዚያ ዘር የተረፈችው እሷ ብቻ ናት። «ሆዷ ባዶ ከሆነ አልቅሼ ልተዋት። ካልሆነ ዝናቡ ሳያልፍ ልዝራት» አሉ፤ ከበሩም ውጭ ተቀመጡ።

ትርሲት ጤፏን ማይክሮስኮፑ ውስጥ አኑራ፣ በሩን ቆልፋ ስክሪኑን፣ ፍሬዋን አሳየኝ አለችው። ስክሪኑ ግራጫ ጥላ ብቻ አወጣ። ጥላው እንደ ሰው ደረት ከፍ ዝቅ ይላል። ቀለበቱ ጨረር ካልሰበሰበልኝ አላሳይም አለ።

ወደ ወርቁ ቀለበት ሄደች። ኤክስሬይ እኮ የመነጽር ሌንስን በስቶ ያልፋል፤ የሚሰበስበው አንዱ ባንዱ ውስጥ የተሰደረ ከፀጉር የቀጠነ የወርቅ ቀለበት ነው። ለስክሪኑ ሰብስብለት፣ ስክሪኑ ፍሬዋን ያሳየኝ። ቱቦው ካልመራልኝ አልሰበስብም አለ።

ወደ መስታወቱ ቱቦ ሄደች። ለቀለበቱ ምራለት፣ ቀለበቱ ለስክሪኑ ይሰብስብለት፣ ስክሪኑ ፍሬዋን ያሳየኝ። ጠረጴዛው ከሥሬ እየተንቀሳቀሰ አልመራም አለ።

ወደ ብረቱ ጠረጴዛ ሄደች። ለቱቦው ጸጥ በልለት፣ ቱቦው ለቀለበቱ ይምራለት፣ ቀለበቱ ለስክሪኑ ይሰብስብለት፣ ስክሪኑ ፍሬዋን ያሳየኝ። ጠረጴዛው ግን፣ «አጠገቤ የሚተነፍስ ነገር አለ። ያሞቀኛል፤ ስሞቅ እለጠጣለሁ። አስወጪልኝ» አለ።

ትርሲት ጎንበስ አለች። ከጠረጴዛው ሥር አየች፤ ማንም የለም።

«እታታ፣ ገብተው ነበር እንዴ?» ብላ በበሩ ተጣራች።

«በየት በኩል? የቆለፍሽብኝ አንቺ።»

«እዚህ የሚተነፍስ አለ።»

«አባትሽም በዚያ ስልቻ ላይ እንዲሁ ተደፍቶ ነበር የሚያድረው» አሉ እታታ፣ በበሩ መስኮት እያዩዋት።

ትርሲት ስክሪኑን አየች። ትንፋሿን ያዘች፤ ጥላው ቆመ። ተነፈሰች፤ ጥላው ተነሣ።

ቀስ ብላ ወጣች፤ በሩን ዘግታ ከአክስቷ ጎን ተቀመጠች። ብረቱ ቀዘቀዘ። ጠረጴዛው ለቱቦው ጸጥ አለለት፣ ቱቦው ለቀለበቱ መራለት፣ ቀለበቱ ለስክሪኑ ሰበሰበለት፣ ስክሪኑ ፍሬዋን አሳየ። ተነሥተው በበሩ መስኮት አዩዋት፤ በጥቁሯ ጤፍ ሆድ ውስጥ ጽንሷ ምንም ሳትጎድል ተኝታለች።

«አለች» አሉ እታታ ወለላ፤ ከቀብሩ ወዲህ ስለማንም ያላሉትን ቃል።

ቱቦው እንዴት እንደሚመራ ማየት ከፈለጋችሁ ሐይቅ ዳር ሂዱ። ድንጋይ ከላይ ቁልቁል ብትጥሉት ይሰምጣል። ጠፍጣፋውን መርጣችሁ፣ ጎንበስ ብላችሁ፣ የውኃውን ፊት እየላሰ እንዲሄድ ወርውሩት፤ ይነጥራል። ጨረሩም በመስታወቱ ግድግዳ ላይ እንዲያ ነው የሚሄደው። ሞክሩት። ሲነጥር ግን ትንፋሻችሁን ያዝ አድርጉ።