ሻጭ ያልጨረሰው ምርቃት

አንድ መኪና ሻጭ ነበረ። ስሙ ምን ያደርግልሃል፣ ልጄ ሽብሩ? «ገዢው ወዶ ከከፈለኝ በደሉ ምኑ ላይ ነው?» ብለህ ለጠየቅኸኝ ጥያቄ የሰውየው ሥራ ይበቃልና እሱን ስማ። አባቱ በሬ ነጋዴ ነበሩ። እሱ ከተማ ገብቶ ወደ መኪና ዞረ፤ ዓይኑ ግን የአባቱ ነበር፤ የገዢን ጥድፊያ ከሩቅ ያያል።

በዚያ ዘመን ነዳጅ ጠፍቶ ሾፌሮች ቀናቸውን በማደያ ሰልፍ ላይ ይጨርሱት ነበር። በኤሌክትሪክ የሚሄድ፣ አሥራ ሁለት ሰው የሚጭን አዲስ ሚኒባስ ሊመጣ ነው ሲባል ከተማው ተነቃነቀ። ሰውየው ዋጋውን በትልቁ ጽፎ በሩ ላይ ለጠፈ፤ ቀብድ እየተቀበለም ስም መዘገበ። ዓመት ተጠበቀ። መኪኖቹ ሲደርሱ ስምንት ብቻ ሆኑ፤ የተመዘገበው ሰው ግን ከአርባ በላይ ነበር።

ያን ጊዜ ስልኩ ይጮህ ጀመር። ያልተመዘገበው ሁሉ «እኔ እጨምራለሁ፤ ለእኔ አድርገው» ይለዋል። ሰውየው ደግሞ ቃል አፍራሽ መባልን ይፈራል። ስለዚህ በሩ ላይ ያለውን ዋጋ አልነካውም፤ ከሥሩ አንዲት መስመር ብቻ ጨመረ፦ የወንበር ልብስና ምንጣፍ። የዚያ ምንጣፍ ዋጋ አንድ የእርሻ በሬ ይገዛል። እንዲህ ያለውን ምንጣፍ ማን በጫማው ይረግጠዋል? ግድግዳ ላይ ይሰቀላል እንጂ! «ያለ ምንጣፍ ስጠኝ» ለሚለው «ያለ ምንጣፍ የለም፤ ከኋላህ ሠላሳ ሰው ቆሟል» ይላል።

መዝገቡ ላይ ስሙ መጀመሪያ የተጻፈው አንድ ሾፌር ነበር። ሃያ ሁለት ዓመት የነዳትን አሮጌ ሚኒባስ ሸጦ ነው ገንዘቡን ያሟላው፤ አዲሱን ካላገኘ የሚነዳው የለውም፤ ካልነዳ ደግሞ ቤቱ አይበላም። የምንጣፉን መስመር አንብቦ አልተከራከረም። «የቸገረው እርጉዝ ያገባል» ብሎ ወጣ። በሦስተኛው ቀን ጭማሪውን ይዞ ተመለሰ። «ላሜን ሸጥኋት» አለ።

ሻጩ ገንዘቡን ቆጥሮ መሳቢያው ውስጥ አስገባው። «ወዶ ነው፤ በግድ ኪሱ አልገባሁም» አለ በልቡ። ቁልፉንም ዘረጋለት።

ሾፌሩ ቁልፉን አልተቀበለም። ኮፍያውን አውልቆ ሁለት እጁን ዘረጋና «መርቀው ይስጡኝ ጌታው» አለ።

ይህ የበሬ ገበያ ወግ ነው። በሻጩ አባት አገር በሬ የሸጠ ሰው ገመዱን ከእፍኝ ሣር ጋር ሲያስረክብ የገዢውን ዓይን እያየ «ከቤቴ የወጣው ቤትህን ይሙላ፤ የከፈልኸው አይቆጭህ፤ የተቀበልሁትም አይነቀኝ» ይላል። ሳይመረቅ የተነዳ በሬ ቀንበር አይሸከምም ይባላል። ሾፌሩም የዚያው አገር ሰው ኖሯል። ሻጩን ሊያሳፍረው ብሎ አልነበረም፤ አሥራ ሁለት ነፍስ ለሚጭንበት መኪና ምርቃት ፈልጎ ነው።

ሻጩ ፈገግ አለ፤ ምርቃት ምን ይከፈልበታል? «ከቤቴ የወጣው ቤትዎን ይሙላ» አለ ቀልጠፍ ብሎ። «የከፈሉት አይቆጭዎ» ሲል ላሟ ትዝ አለችውና ድምፁ ቀነሰ። ሦስተኛውን ሊል አፉን ከፈተ። አልወጣም። ጉሮሮውን ጠረገ፤ አሁንም አልወጣም።

«በሉ ይውሰዱ፤ ምርቃቱ ደርሷል» አለ።

«አልጨረሱትም ጌታው» አለ ሾፌሩ በትሕትና። «ሳይጨርሱልኝ ሰው አልጭንበትም። እስኪወጣልዎ እጠብቃለሁ።» ሄዶም ተራቸውን ከሚጠብቁት ሰዎች መካከል አግዳሚው ላይ ተቀመጠ።

ሻጩ ወደ ውስጠኛው ክፍል ገብቶ በሩን ዘጋ። ግድግዳውን እያየ ሞከረው፤ ጥርት ብሎ ወጣለት። ደስ ብሎት ተመለሰና የሾፌሩን ፊት ሲያይ እንደገና ያዘው። ያንን ቃል ከልጅነቱ ጀምሮ ሲሰማው ኖሯል፤ በራሱ ላይ የሚምለው መሐላ መሆኑ የገባው ግን ያን ዕለት ነው። ፈራ፤ አፈረም። አግዳሚው ላይ ያሉት እርስ በርሳቸው ተያዩ።

በመጨረሻ መሳቢያውን ከፈተ። የምንጣፉን ገንዘብ እንዳለ አውጥቶ ሾፌሩን አስነሣውና ከቁልፉ ጋር እጁ ላይ አኖረለት። «የተቀበልሁትም አይነቀኝ» አለ። ሁሉም ሰማው።

ሾፌሩ ደነገጠ። «ኧረ ጌታው፣ እኔ ምርቃቱን ነው እንጂ ገንዘብ መች ጠየቅሁ!»

«እኔም የሰጠሁዎ ምርቃቱን ነው» አለ ሻጩ።

የላሟ ገዢ ላሟን ይመልስለት አይመልስለት አላውቅም። ሻጩም ከዚያ ወዲያ ደግ ሆነ አልልህም። ለቀሩት ሰባት ሰዎች ምንጣፉን ያለ ዋጋ አነጠፈላቸው፤ ያመለጠውን ትርፍ እያሰበ ግን ሳምንት ሙሉ ሚስቱ ላይ ሲነጫነጭ ከረመ።

አሁን ወደ አንተ ልምጣ፣ ልጄ ሽብሩ። ገዢው ወዶ ነው የከፈለኝ ትላለህ። ሾፌሩም ወዶ ነበር። ነጋዴ አያትርፍ አላልሁም፤ መኪና ባሕር ተሻግሮ በነጻ አይመጣም። ትክክለኛው ዋጋ ስንት እንደሆነ ብትጠይቀኝ አላውቅም፤ እኔ መጽሐፍ እንጂ መኪና አላውቅም። አንተ ግን ታውቀዋለህ። መኪኖችህ ሐሙስ ይገባሉ ብለኸኛል። ዋጋቸውን ከመለጠፍህ በፊት አንዱን ገዢ ጥራና ፊቱን እያየህ ሦስቱንም ቃል በልለት። ሦስተኛው ከወጣልህ ለጥፈው፤ ማንም አይወቅስህም። ካልወጣልህ ግን፣ ልጄ፣ ዋጋውን ገዢው ቢፈቅደው እንኳ አንተ ራስህ አልፈቀድኸውም።