ባለቤት ያጣው ሲሞኖፍ

በአንድ ወቅት፣ ጠመንጃ የሌለው ወንድ ለቅሶ ቤት ገብቶ ከበሩ ሥር በሚቀመጥበት በአንድ ቆላ አገር፣ ጓዴ የሚባል ገበሬ በድንበር ጠብ ተገደለ። ገዳዩ ጎረቤቱ አዛናው ነበር። ጓዴ ዓይኗ የጠፋ ሚስት፣ ሦስት ወንዶች ልጆችና አንዲት ሴት ልጅ ትቶ ሞተ። ወንዶቹ ከታላቁ እስከ ታናሹ አንለይ፣ ይርሳውና ቸኮል ይባላሉ። የሴቷ ስም ውብርስት ነው።

በዚያ አገር የአባቱን ደም ያልመለሰ ልጅ ሚስት አይሰጡትም፤ በደቦ አያግዙትም፤ ጠላ ሲቀዳም ይታለፋል። አልቃሿማ ጨርሶ አትምረውም። በሰው ቀብር ላይ ስሙን እየጠራች ትገጥምበታለች። ወንድማማቾቹ ይህን ሁሉ ችለው አንድ ክረምት አሳለፉ።

ችግራቸው መሣሪያ ነበር። እቤት ያለው የአባታቸው አሮጌ ውጅግራ ነው። እሱ ደግሞ አንዴ ከተኮሱበት ሁለተኛውን ጥይት እስኪያጎርሱት ድረስ ጠላት ወንዝ ተሻግሮ ይቀመጣል። አዛናው የሚይዘው ክላሽ ነው። ስለዚህ ቃታውን በሳቡት ቁጥር ራሱ እየጎረሰ የሚተኩስ ጠመንጃ ያስፈልጋቸው ነበር። ለድሃ የሚቀርበው ሲሞኖፍ ነው፤ ሙሉ ሲሞኖፍ ግን ቤቱን ከነከብቱ ቢሸጡት አይገዛም። እናም ድሃ እንደሚያደርገው ቁርጥራጩን ለቃቅመው ሊገጣጥሙት ተማከሩ። «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» ተባባሉ። ድሩ ከምን እንደሚፈተል ግን አልተነጋገሩም።

አንለይ ብረቱን አመጣ። ጀጃው ከሚባል የመሣሪያ ነጋዴ ዘንድ ቤት ሲቃጠል አብሮ የተቃጠለ፣ እንጨቱ ነዶ ያለቀ፣ ጥይት የሚያጎርሰው መቀባበያው የወለቀ ሲሞኖፍ አገኘ። የከፈለው ከጥንድ በሬዎቹ አንዱን ነው። አንድ በሬ ብቻውን አያርስም፤ ደሙን ላልመለሰ ሰው ደግሞ መቀናጆ የሚሰጥ አልተገኘም። ማሳው ጦም አደረ። በዚያ ዓመት ገና ጡት የጣለች ሴት ልጁ በረሃብ ሞተች፤ ሚስቱም ጥላው ወደ አባቷ ቤት ሄደች። አንለይ ልጁን ቀብሮ እንደተመለሰ ተቀምጦ ብረቱን በሰሊጥ ዘይት ሲወለውል ዋለ። ያዩት ሰዎች ጨካኝ ነው አሉ። ጠላ ሲቀዳ ያልፉት የነበሩት እነዚሁ ሰዎች ናቸው።

ይርሳው እጀ ብልህ ነው፤ ሰደፉ የሱ ድርሻ ሆነ። ለሰደፍ የሚሆነው ደረቅ ዋንዛ ነው፤ እርጥቡ ይሰነጠቃል። ደረቅ ዋንዛ ደግሞ በቤቱ ውስጥ አንድ ብቻ ነበር፤ ጓዴ ሲያገባት ለሚስቱ ያሠራላት አልጋ። ይርሳው መጥረቢያውን ይዞ ሲመጣ ዓይነ ስውሯ እናቱ በዳሰሳ እጁን ያዘችው።

«እኔንስ የት ልታደርገኝ ነው ልጄ?» አለችው።

«መሬቱ ይሞቃል እማ» አላት።

ቁርበት አንጥፎ አስተኛት። ክረምት ሲገባ ጎርፉ በግድግዳው ሥር ሰርጎ ቁርበቱን አራሰው። ሳል ጀመራት፤ መስከረምን ሳታይ ሞተች። ሰደፉ ግን አምሮ ነበር፤ ለዓይንም ለእጅም የሚያሳሳ ነው፣ ይህን መካድ አይቻልም።

የቀረው መቀባበያውና ጥይቱ ነበር። መቀባበያውን ያወለቀው ራሱ ጀጃው ነው፤ አንዱን ጠመንጃ ሁለት ጊዜ መሸጥ የነጋዴ ወግ ነውና። ቤቱ ውስጥ የሚሸጥ ነገር ባለመኖሩ ቸኮል ምን እንደሚፈልግ ጠየቀው። ጀጃው ሚስት እንደምታስፈልገው ነገረው። ውብርስት ያን ጊዜ ለወደደችው ሰው ታጭታ ለሰርጓ ጥጥ ትፈትል ነበር። ቸኮል ጨው ልንገዛ ነው ብሎ ወደ ገበያ ወሰዳትና ጀጃው ግቢ ውኃ እንድትጠጣ አስገባት። ጠጥታ ዘወር ስትል ወንድሟ የለም፤ በሩም ተዘግቷል። በዓመቱ ወንድ ልጅ ወለደች። ያጫት ሰው ሌላ አገባ።

ሲሞኖፉ እንዲህ ተሠራ። ሦስቱም «የኔ ነው» ይሉ ጀመር። አንለይ ልጄን ቀብሬበታለሁ ይላል፤ ይርሳው እናቴን፤ ቸኮል ደግሞ እኔ ባላስጎርሰው መወቀጫ ነበር ይላል። አንዱ ለጥምቀት ሲይዘው ሌላው ያኮርፋል። በሠርግ ቤት ሦስቱም ተራ በተራ ፎክረውበታል፤ የአባታቸውን ስም ሲጠሩ አንዱም እናቱን አልጠራም።

አዛናው ወሬው ደርሶት ወደ ሰሊጥ እርሻ ወርዶ ስለነበር መመለሱን ጠበቁ። ማን ይተኩስ በሚለውም ሊደባደቡ ደርሰው ነበር፤ የአባቱን ደም ለወንድሙ የሚለቅ አልተገኘም። በመጨረሻ ጠመንጃው ራሱ መላ ሰጣቸው። ማቀባበል የማይፈልግ ከሆነ ከእጅ ወደ እጅ ቢሻገር ምን ይቸግራል?

አዛናውን ወንዝ ዳር አገኙት። በቅሎውን ውኃ እያጠጣ ነበር፤ ክላሹን በኮርቻው ላይ አንጠልጥሎታል። ባላጋራን ሳይጠሩ መግደል ነውር ነውና አንለይ በስሙ ጠራው፤ የጓዴ ልጅ መሆኑንም ነገረው። ዘወር ሲል ጭኑን መታው። በቅሎዋ ክላሹን እንደተሸከመች በረገገች። አዛናው ወድቆ ሁለት እጁን አነሣ።

«ደማችሁን መለሳችሁ፤ አሁን ይብቃችሁ» አለ።

አንለይ ጠመንጃውን ለይርሳው አቀበለው። ይርሳው ሆዱን መታው። ቸኮል ተቀብሎ አጠገቡ ድረስ ሄደ። አዛናው ውኃ ለመነው፤ ወንዙ እግራቸው ሥር ነው። ቸኮል ደረቱ ላይ ተኮሰበት። ጠመንጃው አንዴም ጥይት ነክሶ አልቆመም።

ነገሩ ወደ ሽማግሌ ሄደ። የአዛናው ወንድም ሙላው ክርክሩን አሳጥሮ አቀረበ። የጓዴ ደም በመጀመሪያው ጥይት ተመልሷል፤ እጁን አንሥቶ የለመነ ሰው መግደል ግን ሌላ ደም ነው፤ ስለዚህ አንድ ሰው ይገባኛል አለ። ሽማግሌዎቹ ይህን ሊያስተባብሉት አልቻሉም። የትኛው ጥይት እንደገደለው ሬሳውን ያጠቡትን ጠየቁ። አጣቢዎቹ ሦስቱም ቁስል የሚገድል ነው አሉ።

የዚያ አገር ደንብ ደግሞ እጁ ካልታወቀ ብረቱ ይጠየቃል ይላል። የጠመንጃው ባለቤት የደሙም ባለቤት ነው። ሲሞኖፉን ሽማግሌ በሚቀመጥበት ሾላ ሥር ቁርበት ላይ አጋደሙት፤ ፍርድ እስኪያገኝ የጦር መሣሪያ አይነካምና ጥይቱን አላራገፉትም። ዋና ሽማግሌው አያ ሽባባው ባለቤቱ ማን እንደሆነ ጠየቁ።

ያን ሁሉ ጊዜ «የኔ ነው» ያለ አፍ «የኔ አይደለም» ማለት ጀመረ።

«እኔ ያመጣሁት የተቃጠለ ብረት ነው» አለ አንለይ። «መቀባበያ የሌለው ብረት ምን ሊያደርግ?»

ይርሳውም እንጨት ከመጥረብ በቀር ያደረገው ነገር እንደሌለ ተናገረ፤ እንጨት ሰው አይገድልም አለ። ቸኮል ግን ከሁለቱም የበለጠ አስቦበት መጥቶ ነበር።

«እኔ ከኪሴ ምንም አልከፈልሁም። ዋጋው ውብርስት ናት። ዋጋው የወጣው ከሷ ነውና ባለቤቱም እሷ ናት» አለ።

ሁለቱ ታላላቆቹ ተያዩና እውነቱን ነው አሉ። ምን እንዳሰቡ የገባው ሁሉ ገብቶታል። በዚያ አገር ለደም ሴት አትገደልም። ጠመንጃው የሴት ከሆነ ሦስቱም ወደ ቤታቸው ይገባሉ። እኔ ብዙ ዓይነት ወንድም አይቻለሁ፤ እኅቱን ሁለት ጊዜ የሸጠ ግን ከነዚህ በቀር አላውቅም።

ሙላው አልተቆጣም። ሴቶቹ ወደተቀመጡበት ተመለከተ፤ ውብርስት ልጇን አዝላ እዚያ ነበረች።

«ሴት አንገድልም፤ የአባቶቻችን ደንብ ነው» አለ። «በጀርባዋ ግን ወንድ አያለሁ። ጠመንጃው የሷ ነው ካላችሁ ልጇ እስኪያድግ እጠብቃለሁ።»

ሽማግሌዎቹ ወደ ሦስቱ ወንድማማቾች ዞሩ። ቃሉን የሚያነሣ ካለ ያንሣ አሉ። አንለይ መሬት መሬቱን አየ። ይርሳው አሳለው። ቸኮል ነጠላውን አስተካከለ። ቃሉን ያነሣ አንድም አልነበረም።

ውብርስት ተነሣች። ሕፃኑ እንቅልፍ ወስዶት ነበር፤ አንቀልባውን አጠበቀችና መሐል ድረስ መጣች።

«አያ ሽባባው፣ ጠመንጃው የኔ ነው?»

«ወንድሞችሽ እንዲያ ይላሉ።»

«እንግዲያው ስጡኝ» ብላ እጇን ዘረጋች።

ከቁርበቱ ላይ የሚያነሣው ጠፋ። ሙላው ከተቀመጠበት ሸሸት አለ። ባሏ ጀጃው ከሕዝቡ ኋላ ነበር፤ ቀስ እያለ ወደ በቅሎው ሄደ። ውብርስት ግን ዓይኗን ከሦስቱ ወንድሞቿ ላይ አልነቀለችም።

«አትስጧት» አለ ይርሳው።

«የማን ነው ብለህ ነው አትስጧት የምትለው?» አሉት አያ ሽባባው።

ሽማግሌዎቹም እስከ ማታ ተቀምጠው ሳይፈርዱ ቀሩ ይባላል። ይስጧት ቢሉ ምን ልታደርግበት እንደሆነ አያውቁም፤ ወይም ያውቃሉ። አይስጧት ቢሉ ከሦስቱ የአንዱን አንገት ለሙላው ማቀበል ይሆንባቸዋል።

ከባለቤቱ ያወቀ ቡዳ ነው ትሉኝ ይሆናል። ባለቤቱን ንገሩኝና ቡዳ በሉኝ። እነሱ የተውትን ፍርድ እናንተ ስጡ፤ ልጁን ቀብሮ ብረቱን ያመጣው፣ እናቱን መሬት አስተኝቶ ሰደፉን የጠረበው፣ እኅቱን ለውጦ ጥይቱን ያጎረሰው፣ ወይስ የተለወጠችው? ከአራቱ ጠመንጃው የሚገባው ለማን ነው?