ሁለት የሆነው መቀነት

«አንድ ሸማኔ ነበረ» አሉ አዋላጇ እትዬ ውድነሽ። የጠየቀቻቸው ሕፃኗን ታቅፋ የተቀመጠችው ዘርፌ ናት። በክትባት ቀን የጤና ባለሙያዋ፣ በልጅ ገላ በየሕዋሱ ውስጥ ዲኤንኤ የሚባል ከሰው ቁመት የሚረዝም ክር አለ፣ የልጁ አሠራር የተጻፈበት፣ ልጅ ባደገ ቁጥርም ይገለበጣል ብላ ካስተማረች ወዲህ እህል አልወርድ ብሏታል፤ እትዬ ያቀረቡላትን ቂጣም አልነካችም። «ያ ሁሉ ሲገለበጥ ተሳስቶ ልጄን ቢያበላሽብኝስ?» ነው ያለቻቸው።

እዚህ ሸማኔ ዘንድ አንዲት ሴት መጣች። እናቷ ትታላት የሞተችው አንድ መቀነት ነው፤ የምትድራቸው ሴት ልጆች ግን ሁለት ናቸው። «ሁለት አድርግልኝ፤ እንዳይለይ» አለችው።

ሸማኔው መቀነቱን ቢዘረጋው ከቤት አልፎ ደጅ ወጣ። ጎን ለጎን የተሰፋ ሁለት ቀጭን ጥብጣብ ነው። ጥለቱ በአንደኛው ቀይ ከሆነ በሌላኛው ትይዩ ቢጫ ነው፤ አረንጓዴ ከሆነ ሰማያዊ። ምላጩን አነሳና የመሀሉን ስፌት ተከትሎ ሁለቱን ለያቸው።

ሴትየዋ ራሷን ይዛ ቁጭ አለች። «እናቴን ቀደድካት።»

«አልቀደድኩም፣ ተረተርኩ። ሸማኔ ነኝ እንጂ አይጥ አይደለሁም።»

ከዚያ ለየግማሹ የጎደለውን ጓደኛውን ይሠራለት ጀመር። ቀዩን እያየ ቢጫ፣ ቢጫውን እያየ ቀይ። መወርወሪያውን በወረወረ ቁጥር የሠራውን ሊፈትሽ ጣቱን ወደ ኋላ ይሰዳል። ከቀዩ ትይዩ አረንጓዴ ገብቶ ካገኘ ፈትቶ ይደግመዋል። ሴትየዋ ስንቴ እንደፈታ እየቆጠረች ደጁ ላይ ሦስት ቀን ተቀመጠች።

በመጨረሻ ሁለት መቀነት ሰጣት። የእናቷ የትኛው እንደሆነ ብትፈልግ አጣችው። የሁለቱም ግማሽ የእናቷ ነበር። ያን ጊዜ እፎይ አለች።

«ይሄን ሁሉ ርዝመት በምን ልያዘው? ይተበተብብኛል» አለች።

በመቃ ቁርጥራጮች ላይ እየጠመጠመ፣ መቃዎቹን ደርድሮ፣ በእጅ በምትያዝ ሙዳይ ከተተላት። «ያሻሽን ቦታ ብቻ ፈትተሽ እዪ» አላት።

እትዬ ውድነሽ ወደ ዘርፌ ዞሩ። «የኔ ልጅ፣ መቀነቱ ያ ክር ነው፤ ሙዳይዋ ሕዋሱ፤ ሸማኔው የልጅሽ ገላ። አይሳሳትም አልልሽም። ይሳሳታል፤ ግን ጣቱን ወደ ኋላ ይሰዳል። የምታመልጠው ስሕተትም ብትኖር አብዛኛውን ጊዜ ጉዳት የላትም። አንቺስ ክርሽ ስንት ጊዜ ተገልብጦ አይደል ይቺን ያህል የሆንሽው? በይ፣ ደጁ ላይ ተቀምጠሽ አትቁጠሪበት። እሱ ሥራውን ያውቃል።»

ዘርፌ የልጇን ጣቶች አየት አደረገች።

«እትዬ» አለች፣ «ቂጣ ተርፏል?»