ጳጉሜ የማን ናት?

ዘመኑ ዘመነ ሉቃስ ነበር። በሐምሌ በረዶ ወርዶ ባቄላውን መታው፤ ነሐሴ ግን ደህና ዘነበ።

እርሻው የአንበሳ ነበር። በሬ ያርሳል፣ አህያና በቅሎ ይጫናሉ፣ በየወሩም ድርጎ ይቀበላሉ። እያንዳንዱ ከድርጎው አንድ ቁና እህል ቀንሶ፣ ለእርጅናው ብሎ በስሙ በተቆፈረ ጉድጓድ ያስቀምጣል። አንበሳም በዚያው ላይ አንድ ቁና ይጨምርለታል። ያስቀመጠው ሁልጊዜ የራሱ ነው። አንበሳው የጨመረለት ግን የሱ የሚሆነው ሰባት ዓመት ሙሉ ሲያገለግል ነው፤ ቀድሞ የወጣ ያጣዋል። ሙሉ ጉድጓድ ያለው ከቅጥሩ ሳይወጣ ያረጃል። ግማሽ ያለው ገደል ወርዶ ሣር ይግጣል፤ ገደሉ ደግሞ የጅብ አገር ነው።

የጉድጓዶቹ ጠባቂ ጅብ ነበር። እህል አይበላምና ታማኝ ነው ተብሎ ተሾመ።

ነሐሴ ሠላሳ ቀን አንበሳ ሁሉንም ሰብስቦ ሽማግሌውን አህያ ወደ ፊት ጠራው።

«ጉልበትህ አልቋል። ከነገ ጀምሮ ሥራ የለህም።»

«እሺ ጌታዬ» አለ አህያ። «የገባሁት መስከረም አንድ ቀን ነው። ሰባት ዓመቴ ሞልቷል፤ ጉድጓዴ ሙሉውን ይከፈትልኝ።»

አንበሳ ወደ ጅብ ዞረ። «ዓመት የሚሞላው መቼ ነው?»

«ጳጉሜ ስታልቅ ነው ጌታዬ። ዘንድሮ ደግሞ ሉቃስ ስለሆነ ስድስት ቀን ናት።»

«እንግዲህ ስድስት ቀን ይጎድልሃል።»

አህያ ጆሮውን ጣለ። «በጳጉሜ ድርጎ ስጡን ስንል ‹ጳጉሜ ወር አይደለችም› አላላችሁንም? በየዓመቱ በነጻ ተጭኛለሁ።»

«ለድርጎ ወር አይደለችም» አለ አንበሳ። « ለአገልግሎት ግን ትቆጠራለች።»

«ስድስቱን ቀን በነጻ ልጫና!»

«ሥራ የለህም አልኩህ። ሥራ የሌለው ምን ብሎ ያገለግላል?»

«አይዞህ አያ አህዮ» አለ ጅብ፣ ከንፈሩን እየላሰ። «ሰፈራችን ሰፊ ነው። ጎረቤት መሆናችን ነው።»

አንበሳ ጉባኤውን ተመለከተ። «የምትሉት አለ?»

በቅሎ ወደ ጉድጓዷ አየች። ቡሬ የሚባለው በሬ ሊናገር አፉን ከፈተ። ስድስት ዓመት ሞልቶታል፤ አንድ ቀርቶታል። አፉን መልሶ ዘጋ።

አህያ የራሱን ድርሻ አወጣ። በሰባት ዓመት ውስጥ የራሱን እህል የተሸከመው ያን ቀን ብቻ ነው። በቡሬ አጠገብ ሲያልፍ ቆም አለ።

«አትፈር ወንድሜ» አለው። «አምና ፍየሏ ስትባረር እኔም ዝም ብያለሁ። ያኔ አንድ ዓመት ቀርቶኝ ነበር።»

ቡሬ ሲያመነዥክ አደረ።

በማግስቱ ጅብ ቀንበር ይዞ መጣ። ለሽምብራ የሚታረስ መሬት ነበር።

«ተነሣ እንጂ!»

«ዛሬ ምን ቀን ነው?» አለ ቡሬ እንደተኛ።

«ጳጉሜ አንድ።»

«ጳጉሜ ወር አይደለችም።»

ጅብ ሳቀ። ቡሬ አልሳቀም። ጅብም ሳቁን ተወና ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ጉድጓድህን አስብ። የአንድ ዓመት ነገር እኮ ነው።»

«አሰብኩት» አለ ቡሬ። «ሌሊቱን ሙሉ አሰብኩት። ስድስት ዓመት አፌን የያዘው እሱ ነው።»

ጅብ ሊከሰው ወደ አንበሳ ሮጠ። በቅሎዋ ጭነቷን እንደያዘች ቆማ ታያለች። ቡሬ ተነሣ፤ ወደ ጉድጓዱ ግን አልሄደም። አህያው የወረደበትን መንገድ ይዞ ገደል ወረደ። አህያውን ከሥር ሲግጥ አገኘው። ጅብ የሚመጣበትን መንገድ ጠየቀው፤ ቀንዱንም ወደዚያ አዙሮ ቆመ።