ሁለት የሰርዲን ቆርቆሮ

አንድ ሬዲዮ ጠጋኝ ነበረ። ድሬዳዋ መጋላ ውስጥ ሁለት ሰው ከገባባት ሦስተኛው ውጭ የሚቆምባት ሱቅ ነበረችው። ድምፁ የጠፋ ሬዲዮ ይዛችሁ ትሄዳላችሁ። እሱ ጆሮውን ያስጠጋል፣ በጣቱ መታ መታ ያደርገዋል፣ ከዚያ "አለ፣ አልሞተም" ይላችኋል። ለሁሉም የሚለው ይህንኑ ነው። አንዳንዱ ሬዲዮ በእርግጥ ሞቶ ነበር፣ ግን እሱ አያምንም።

ስሙን እንድነግራችሁ ፈቅዶልኛል። ጋሽ ደባልቄ ይባላል። ሁለት ሴት ልጆች አሉት፤ ታላቋ ጸዳለ፣ ታናሿ ስንዱ። በዕድሜ በሁለት ዓመት ይበላለጣሉ፣ በጸብ ግን እኩያ ነበሩ።

በደርግ ጊዜ ነው። ልጆቹ ገና ትንንሽ ሳሉ አንድ የምድር ባቡር ሠራተኛ ከጅቡቲ አንድ ዕቃ ይዞለት መጣ። ቴሌቪዥን ላይ የሚሰካ ጥቁር ሳጥን ነው። ስትሰኩት ቴሌቪዥኑ ይጨልማል፣ ከዋክብት ብቅ ብቅ ይላሉ፣ መሃል ላይ አንዲት መንኮራኩር ትቆማለች። ከግራም ከቀኝም የጠላት መንኮራኩሮች ይመጣሉ። ከታች አንዲት አረንጓዴ ጣቢያ አለች፣ የመንኮራኩሯ ሥራ እሷን መጠበቅ ነው። ጣቢያዋ ከተቃጠለች ጨዋታው አለቀ። ዛሬ ለልጆቻችሁ ብታሳዩአቸው ይስቁባችኋል። ያኔ ግን እንዲህ ያለ ነገር ማን አይቶ ያውቃል? ሠፈርተኛው መስኮቱ ላይ ተለጥፎ ይውል ነበር።

ችግሩ ምን መሰላችሁ? የሚጫወቱበት እጀታ አንድ ብቻ ነው። አንድ እጀታ፣ ሁለት ልጅ። እዚህ ያላችሁ ወላጆች ታውቁታላችሁ፣ ዝርዝሩን ልተወው።

እናታቸው እትዬ አስካለ ሦስት ቀን ታገሠች። በአራተኛው ቀን "ደባልቄ፣ ወይ ይሄ ጦርነት ከቤቴ ይውጣ፣ ወይ እኔ ልውጣ" አለችው።

ሌላ አባት ቢሆን ምን ያደርጋል? "በተራ ተጫወቱ" ብሎ ሰዓት ይይዛል። ወይም ሳጥኑን ቁም ሣጥን ላይ ይሰቅለዋል። ጋሽ ደባልቄ ግን ጠጋኝ ነው፣ ጠጋኝ ደግሞ የተጣላ ነገር ሲያይ መፍቻ ነው የሚፈልገው። እጀታውን ፈታታው። ውስጡ ያሉትን ሽቦዎች ለሁለት ከፈላቸው። ሁለት የሰርዲን ቆርቆሮ አጠበና በእያንዳንዳቸው ላይ ሁለት ሁለት የበር ደወል ቁልፍ ገጠመ። አንዱን በቀይ ፕላስተር ጠቀለለና ለጸዳለ ሰጣት፤ ወደ ግራና ወደ ቀኝ መንዳት የእሷ ሆነ። ሌላውን በቢጫ ጠቀለለና ለስንዱ ሰጣት፤ መተኮስና መከላከያ ማንሳት የእሷ ሆነ። "በሉ፣ አሁን ተዋጉ" አላቸው።

አስተዋላችሁልኝ? ጸዳለ ብቻዋን ብትቀመጥ መንኮራኩሯን ስታንሸራሽር ትውላለች እንጂ አንድ ጠላት አትመታም። ስንዱ ብቻዋን ብትቀመጥ አንድ ቦታ ቆማ ባዶ ሰማይ ስትደበድብ ትውላለች። አንዷ ያለ ሌላዋ ምንም ናት።

ጸቡ ቆመ ልላችሁ ነው ብላችሁ እንዳትጠብቁ። አልቆመም። "ወደ ግራ ውሰጂኝ እንጂ!" "አንቺ ተኩሺ፣ ምን ያፈዝሻል!" ጎረቤት ድረስ ይሰማል። ግን ድሮ ፊት ለፊት ተያይተው ነበር የሚሰዳደቡት፣ አሁን ትከሻ ለትከሻ ተጠጋግተው ሁለቱም ወደ አንድ ወገን እያዩ ሆነ። ጋሽ ደባልቄ የተከፈተ ሬዲዮ ጭኑ ላይ አድርጎ ከጓዳ ያዳምጣቸውና ብቻውን ይስቃል። በሕይወቱ ከጠገናቸው ነገሮች ሁሉ ያንን የሚያህል አልነበረም፣ ራሱ ነው የነገረኝ።

ዓመታት አለፉ። ጸዳለ አዲስ አበባ ገባች፣ መሥሪያ ቤት ተቀጠረች፣ አለቃ ሆነች። ስንዱ ድሬዳዋ ቀረች። ከዚያ እትዬ አስካለ ታመመች።

ሁለት ዓመት ሙሉ ያጠበቻት፣ ያጎረሰቻት፣ ሌሊት ያገላበጠቻት ስንዱ ናት። ሐኪም መምረጥ፣ መድኃኒት መላክ፣ "እንዲህ ይደረግ፣ እንዲያ ይቅር" ማለት የጸዳለ ነበር። አንድ ሐኪም "አዲስ አበባ ሄዳ ትታከም" አለ። ሌላው "መንገዱን አትችለውም" አለ። ጸዳለ በስልክ "አምጧት" አለች። አመጧት። እትዬ አስካለ በዘጠነኛው ቀን፣ ከቤቷ ርቃ፣ ያላሰበችው አገር አረፈች።

በቀብሩ ዕለት ስንዱ ለእህቷ "አንቺ ማዘዝ ብቻ ነው የምታውቂው። እናቴን በስልክ ገደልሻት" አለቻት። ጸዳለም መለሰችላት። "አንቺስ ከማልቀስ በቀር በሁለት ዓመት አንድ ነገር ወስነሽ ታውቂያለሽ?" ሰው ሁሉ እየሰማ ነው።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ሦስት ዓመት አልተነጋገሩም። በየተራ አባታቸው ጋ ይደውላሉ፣ አንዷ የሌላዋን ስም አታነሳም። ሽማግሌ ተላከ። እኔም ከሽማግሌዎቹ ጋር ሄጄ ነበር፤ ሁለቱም ቤት ጥሩ ምሳ በልቼ ተመለስኩ። ጋሽ ደባልቄ "ሬዲዮ ቢሆኑ ከፍቼ አያቸው ነበር" አለኝና አለቀሰ። የሰማንያ ዓመት ሰው ነው። ልመናው አንድ ብቻ ነበር፣ ሳይሞት እህትማማቾቹ ሲነጋገሩ መስማት።

የእናታቸው የሦስተኛ ዓመት መታሰቢያ ደረሰ። ሁለቱም መጡ። አንዷ ሳሎን ስትሆን ሌላዋ ጓዳ ትሆናለች፤ እንግዳ ያስተናግዳሉ፣ ዓይን ለዓይን አይተያዩም። እንግዳው ከሰዓት በኋላ ሲበተን ጋሽ ደባልቄ ያንን ጥቁር ሳጥን አቅፎ መጣ። ሁለት ቀን ሲለፋበት ነበር የሰነበተው። ሽቦዎቹን አይጥ በልቷቸው ስለነበር ከቆርቆሮዎቹ ጋር እንደ አዲስ በይዷቸዋል። ዓይኑን ሞራ ጋርዶታል፣ በዳሰሳ ነው የሠራው።

"ሰኞ የዓይኔን ሞራ ይገፍፉልኛል" አላቸው። "ይድን አይድን አላውቅም። ከዚያ በፊት አንድ ጊዜ ስትጫወቱ ልያችሁ። ታረቁ አላልኳችሁም።"

እምቢ ይባላል? እናንተ እምቢ ትሉ ነበር? አሮጌው ቴሌቪዥን ላይ የነበረው ዳንቴል ተነሳ። ሁለቱም ተቀመጡ፣ መሃላቸው ላይ አንድ ወንበር ባዶ ትተው። ጸዳለ ቀዩን ቆርቆሮ ያዘች፣ ስንዱ ቢጫውን። ከዋክብቱ ብቅ አሉ። ጸዳለ ወደ ግራ ልትነዳ ቁልፉን ተጫነች።

መንኮራኩሯ ተኮሰች።

ስንዱ ልትተኩስ ተጫነች። መንኮራኩሯ ወደ ቀኝ ሸሸች።

ጋሽ ደባልቄ ገባው። የቀዩን ሽቦ ለቢጫው፣ የቢጫውን ለቀዩ በይዶታል። በስልሳ ዓመት ሥራው እንዲህ ተሳስቶ አያውቅም። "አምጡት ልጆቼ፣ አበላሽቼዋለሁ፣ ልፍታው" ብሎ እጁን ዘረጋ።

ጠላት ግን አይጠብቅም፣ ጣቢያዋ መመታት ጀምራለች። ስንዱ ነድታ አታውቅም። በአንድ በኩል ሦስት ይመጣሉ፣ በሌላው በኩል አራት። ደንግጣ "ወዴት ልሂድ?" አለች።

ከሦስት ዓመት በኋላ ለእህቷ የተናገረችው የመጀመሪያ ቃል ይህ ነው።

"ወደ ግራ" አለች ጸዳለ። "ቀስ እያልሽ። አይዞሽ።"

ስንዱ ወደ ግራ ነዳች፣ ጸዳለ ተኮሰች፣ እንደገና ተኮሰች። ጥቂት ቆይታ ጸዳለ አውራ ጣቷን አራገፈች። "ይሄ መተኮስ እንዴት ነው ጣት የሚያሳምመው! ድሮም እንዲህ ነበር?"

"ድሮም።"

"ታዲያ ለምን አልነገርሽኝም?"

"ነግሬሽ ነበር" አለች ስንዱ። "አንቺ መንገዱን ነበር የምታዪው።"

በዚያው ቅጽበት የቀኞቹ ደረሱና ጣቢያዋ ተቃጠለች። ስንዱ ቆርቆሮውን ጭኗ ላይ አስቀመጠችና "ወደ ግራ ብሄድ የቀኙ ይመታታል፣ ወደ ቀኝ ብሄድ የግራው። ወደ የትኛው ነበር መሄድ የነበረብኝ?" አለች።

"እኔም አላወቅኩም ነበር፣ ስንዱዬ" አለች ጸዳለ። ስለ ጨዋታው አልነበረም የምታወራው። "ሁለቱም ሐኪሞች ደውለውልኝ ነበር። ሌሊቱን ሙሉ ስልኩን ይዤ ተቀምጬ አደርኩ። አላወቅኩም ነበር።"

ስንዱ ባዶው ወንበር ላይ ተሻግራ ተቀመጠች። የእህቷን እጅ አነሳችና ያቺን ቀልታ ያበጠች አውራ ጣት ማሸት ጀመረች። ሁለቱም ያለቅሱ ነበር። ጋሽ ደባልቄ አጥርቶ አያይም፣ ግን ሰማ። የለመነውም መስማት ነበር።

ሰኞ የዓይኑ ሞራ ተገፈፈለትና አንደኛው ዓይኑ በራለት። ወዲያው መፍቻውን አነሳና "አሁን በትክክል ልሥራው" አላቸው። ሁለቱም አንድ ላይ "ተወው አባዬ" አሉት። እስከ ዛሬ እንደዚያው ነው።

ወገኖቼ፣ እናንተስ የትኛውን ቆርቆሮ ነው የያዛችሁት?

በየቤቱ የሚነዳ አለ፣ የሚተኩስ አለ። ወሳኝ አለ፣ ለፊ አለ። የሚወስነው "እኔ ባልኖር ይሄ ቤት ወዴት ይሄድ ነበር?" ይላል። የሚለፋው "እኔ ባልኖር ማን ይሠራው ነበር?" ይላል። ሁለቱም እውነታቸውን ነው። ሁለቱም ግን የሌላውን ቁልፍ ተጭነው አያውቁም። አንዳችን የሌላችንን ሸክም እንድንሸከም በየሳምንቱ እዚህ እንሰማለን፣ "አሜን" እንላለን። ያልዳሰስነውን ሸክም እንዴት አድርገን ነው የምንሸከመው?

አንተ በስልክ የምታዝ፣ እናትህን ማን እንደሚያገላብጣት ታውቃለህ? አንቺ የምታስታምሚ፣ ወስኖ የሚያድር ሰው እንቅልፍ እንደሌለው አስበሽ ታውቂያለሽ? ሚስትህ አንድ ሳምንት ጓዳውን ትታልህ ብትሄድ ምን ትሆናለህ? ባልሽ ሲመሽ ዝም ብሎ የሚቀመጠው ስለ ምንድን ነው?

ጋሽ ደባልቄ ሠርቶ ያላስታረቃቸውን ተሳስቶ አስታረቃቸው። እናንተ ግን ስህተት አትጠብቁ፣ አባታችሁም ዓይኑ እስኪጋረድ አትጠብቁ። ዛሬ ቤት ስትገቡ ቆርቆሯችሁን ተለዋወጡ፣ ለአንድ ቀን ብቻ። ያ ካቃታችሁ ደግሞ ከተጣላችሁት ሰው አጠገብ ተቀመጡና እጁን ያዙ። "ያምሃል እንዴ?" በሉት።

ምናልባት "ነግሬህ ነበር" ይላችኋል። ያኔ አትከራከሩ። ጣቱን እሹለት።