ጠርሙሱ የተቀመጠበት በርጩማ

«ከሳሽ ወንበር ላይ፣ ተከሳሽ መሬት ላይ? እንዲህ ያለ ሽምግልና የት አገር አለ?» አሉ አቶ ድልነሳው።

«ኧረ ጠርሙስ እኮ ነው!» አሉ ሌላው ሽማግሌ።

«ጠርሙስም ቢሆን ባለጉዳይ ነው!»

ዛሬ ሰው እየሳቀ የሚጠቅሳት ተረት የተወለደችው ከዚህ ክርክር ነው። ለአረቄው ጠርሙስ በርጩማ መጣለት።

ነገሩን ያመጣው የሱስ አማካሪው ይትባረክ ነበር። ሲመረቅ «የአገሩን ባህል አክብር» ተብሎ ነው የተላከው። አናጢው ዘርጋው አረቄ መተው ሲያቅተው፣ ሚስቱ አስካለም «ዛሬ ካልተወ እናቴ ቤት እሄዳለሁ» ስትል፣ ይትባረክ ሽማግሌ ቢገባበት ይሻላል ብሎ ሽማግሌዎቹን እነ ዘርጋው ቤት ጠራቸው።

«አንተ ልጅ፣ ነገሬ ከሁለታችን አይወጣም ብለህ አልነበር?» አለው ዘርጋው በሹክሹክታ።

ይትባረክም «ባህል ነው እኮ፣ ጋሼ» አለ።

«ምን በደለህ?» ብለው ዘርጋውን ጠየቁ አቶ ድልነሳው።

«መጋዜን አሸጠኝ። ከሚስቴ አጣላኝ።»

ወደ በርጩማው ዞሩ። «አንተስ?» ጠርሙሱ ዝም አለ። «ጨዋ ነው፤ ክፉ አይመልስም» ተባለለት። ዋስ ሲጠየቅለትም ደጅ የቆሙት ጠጪዎች በሙሉ እጃቸውን አወጡ። ለዘርጋው የቆመችው አስካለ ብቻ ነበረች።

«ሚስት ለባሏ ዋስ አትሆንም፤ ተቀመጪ» አሏት።

ይትባረክ ብድግ አለ። «የጠራኋችሁ ከጠርሙሱ እንድታለያዩት ነው!»

«ልጄ፣» አሉት አቶ ድልነሳው በርኅራኄ፣ «እኛ አለያይተን አናውቅም። የምናውቀው ማስታረቅ ነው። በል ዘርጋው፣ ይቅር ለእግዜር በለውና ሳመው።»

ዘርጋው ጠርሙሱን አንሥቶ ሳመ። ስሞም ቶሎ አልለቀቀውም።

«ፍቅራችሁን ያጽናላችሁ!» ብለው ሽማግሌዎቹ መረቁ። ቤቱ ሁሉ «አሜን» አለ፤ ይትባረክም ሳያስበው አብሮ «አሜን» አለ። በዚያ መሀል አስካለ ጓዟን አንጠልጥላ በጓሮ ወጣች። ዞር ብሎ ያየ አልነበረም።

በማግስቱ ገበያ ላይ «ሽምግልናው እንዴት ሆነ?» ተብለው ሲጠየቁ፣ ጎረቤቲቱ እትዬ የሺመቤት ነጠላቸውን እያስተካከሉ እንዲህ አሉ፦ «ምን ይሆናል ብለህ ነው፤ ከጠርሙስ ሲያስታርቁት ከሚስቱ አፋቱት።»