የጅብ ቋንቋ የተማሩት ግልገሎች

በድሮ ዘመን፣ ወንዝ ለመሻገር የጅብ ቋንቋ ይጠየቅ በነበረበት ዘመን፣ ኩሩ ፍየሎችና አንድ ብልጣብልጥ ቀበሮ ነበሩ። ልጆች፣ ቀረብ በሉ። ይህ ተረት አያስቅም።

ከወንዙ ማዶ ለምለም ሣር ነበር። ከወንዙ ማዶ ጅቦችም ነበሩ። ጅቦቹ "ቋንቋችንን የሚያውቅ ወዳጃችን ነው፤ ይሻገር፤ ሣሩን ይጋጥ" ብለው ላኩ። ፍየሎቹም አመኑ። በዚህ በኩል ያለው ሣር አልቆ ስለነበር የራበው ምን አያምን!

ያን ጊዜ ቀበሮ ጥምጥሙን ጠምጥሞ መጣ። "ግልገሎቹን እኔ አስተምራለሁ። ልጅ በአለንጋ አይማርም፤ በዘፈንና በምልክት ነው። ለድካሜ በየቀኑ አንድ ቅል ወተት ይበቃኛል" አለ። ከዚያን ቀን ጀምሮ የኔታ ተባለ።

በመጀመሪያው ሳምንት እጁን ወደ ደረቱ እየሳበ "ሁሩ ሁሩ" ብሎ ዘፈነ። ኑ ማለት ነው። ግልገሎቹ እየዘለሉ መጡ።

በሁለተኛው ሳምንት መሬቱን መታ መታ እያደረገ "ቡጥ ቡጥ" ብሎ ዘፈነ። ቁጭ በሉ ማለት ነው። ግልገሎቹ ቁጭ አሉ።

በሦስተኛው ሳምንት ጉንጩን መዳፉ ላይ አሳርፎ "ድሙ ድሙ" ብሎ ዘፈነ። ተኙ ማለት ነው። ግልገሎቹ አንገታቸውን ዘርግተው ተኙ።

እናቶቹ በደስታ ሰከሩ። እንግዳ በመጣ ቁጥር "እስቲ ዝፈኚላቸው!" ሆነ ነገሩ። ዳማ የምትባል ፍየልማ ልጇን ጨሌን እያሳየች "የኔ ልጅ እኮ የፍየል ቋንቋ ጭራሽ ጠፋባት!" እያለች ትኩራራ ነበር። ይህም ያኮራል እንግዲህ!

አንድ ቀንድ ብቻ የቀራት እማማ ጎዶሎ የምትባል አሮጊት ግን ነገሩ አላማራትም። ሌላው ቀንዷ የት እንደቀረ ጠይቋት የሚያውቅ የለም።

"የኔታ፣ 'እምቢ' የሚለው ዘፈን የታለ? 'ሽሹ' የሚለው ምልክትስ?" አለችው።

"እሱ ዜማ የለውም፣ እማማ። ደግሞም ነውር ነው" አላት ቀበሮ።

ዳማ ሳቀች። "እማማ ደግሞ! ልጆቻችን ጨዋ ሆነው ይደጉበት እንጂ።"

የመሻገሪያው ቀን ደረሰ። ቋንቋውን የማያውቁት እናቶች በዚህ በኩል ካለው ኮረብታ ላይ ቀሩ፤ ግልገሎቹ ተሻገሩ። ጅቦቹ ከቁጥቋጦው ውስጥ ሆነው መዝፈን ጀመሩ። ሁሩ ሁሩ፤ መጡ። ቡጥ ቡጥ፤ ቁጭ አሉ። ድሙ ድሙ፤ አንገታቸውን ዘርግተው ተኙ።

ዘፈኑ ኮረብታው ድረስ ተሰማ። ዳማ "ሰማችሁ? ልጆቻችን ናቸው! የኔ ጨሌ አንድም አልሳተችም!" ብላ እልልታዋን አቀለጠችው። እናቶቹም ሁሉ እልል አሉ። በእልልታው መካከል የግልገሎቹ ጩኸት አልተሰማም። ይህን ስናገር እስከ ዛሬ አንጀቴ ያርራል።

ቀበሮ ከጅቦቹ ጋር የተዋዋለውን ድርሻ ሊቀበል ወረደ። ጅቦቹ ግን ገና አልጠገቡም ነበር። "ሁሩ ሁሩ" አሉት። ሊሸሽ አሰበ፤ እግሩ ግን ከግልገሎቹ ጋር ሲያደርግ የከረመውን አደረገ። መጣ። ቁጭ አለ። ተኛ።

ልጆች፣ የሰው ቋንቋ መማር ጥሩ ነው። በዘፈን መማርም ጥሩ ነው። ነገር ግን "እሺ"ን አስተምሮ "እምቢ"ን የሚደብቅ አስተማሪ ሲመጣ፣ ማን እንደላከው ጠይቁ። ጠያቂዋ አሮጊት ብትሆንም አትሳቁባት።

ሌላው ተራኪ ሲጨርስ "ተረቴን መልሱ" ይላል። እኔ አልልም። ጨሌን የመለሰ የለም።